«ወርቃማው ዘመን» ወረኢሉ ላይ ሲደመጥ

«ወርቃማው ዘመን» ይባላል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ሬዲዮው ይለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ይለዋል፣ ፈረንጁም በየሸክላው ሽፋን ላይ ይጽፈዋል። በእኛ አቆጣጠር 1960ዎቹን ማለት ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ አለማየሁ እሸቴ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ጌታቸው መኩሪያ በአንድ ከተማ የነገሡበት ዘመን። ይህን ስያሜ የሚቃወም ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ወረኢሉ ላይ ግን አንድ ሰው አለ። ነገሩን የሚገርም የሚያደርገው፣ እኚህ ሰው የዚያን ዘመን ሙዚቃ ከማንም በላይ የሚወዱ መሆናቸው ነው።

የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከተማው «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሸክላ የላቸውም፣ አንድም። ያላቸው በሁለት ጥፍር መሐል የምትያዝ ሚሞሪና በፀሐይ ብርሃን የምትሞላ ትንሽ ስፒከር ናት። ሚሞሪዋ ላይ ግን ሙሉ አልበሞች አሉ፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ በወጡበት ቅደም ተከተል። መምህሩ ዘፈን መርጦ መስማት አይወዱም። «መጽሐፍን ከመሐል ገልጠህ አንድ ምዕራፍ አንብበህ ትዘጋዋለህ?» ይላሉ።

ይህ ልማድ በቅርቡ ጠቅሟቸዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ፣ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ከዩቲዩብ በቀር መስሚያ ያልነበረው ወጣት ሁሉ ጆሮው ተዘጋ። ያኔ ስልክ የሚጠግነውና ሙዚቃ የሚጭነው ጎረምሳ ወደ መምህሩ ቤት መመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ፋይል ሊገለብጥ ነበር። በኋላ ግን ማምሻውን ጋቢ ተከናንቦ ለመስማትና ለመከራከር ሆነ። የወረኢሉ ብርድ ደግሞ የሚታወቅ ነው፤ ሰው አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ አይነሣም።

*

መምህሩ ስለ ሮክ የሚያስቡትን እንስማ።

ሮክን ያገኙት በካሴት ነው። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ሲማሩ፣ ኋላም አዲስ አበባ ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ሲገቡ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ካሴት ነበር። ሮክ ወደ ኢትዮጵያ የገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። አንዱ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነው። ሌላው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሻንጣቸው ውስጥ ሸክላ ይዘው በየጠቅላይ ግዛቱ ለማስተማር የተበተኑት የሰላም ጓድ ወጣቶች ናቸው። ለመምህሩ የደረሳቸው የስንተኛ እጅ ቅጂ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። ድምፁ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስል ነበር።

የቢትልስን «ሳርጀንት ፔፐርስ» ዓለም ሁሉ ከአልበሞች ቁንጮ ያደርገዋል። መምህሩ አይስማሙም። በ1967 እ.ኤ.አ. ከዚያ በፊት ያልተሠራ ነገር እንደሠሩ ይቀበላሉ። «ግን ሽፋኑ ከዘፈኑ ይበልጣል» ባይ ናቸው። ጆርጅ ሐሪሰን የሕንድ መሣሪያ ይዞ የገባበት ዘፈን ብቻ ነው ልባቸውን የሚነካው። እሱንም ቢሆን «ጥሩ ልብስ ለብሶ ሰርግ የመጣ እንግዳ» ይሉታል፤ ቆንጆ ነው፣ ግን የሙሽራው ዘመድ አይደለም።

የሳንታናን «አብራክሳስ» ይወዱታል። ለእኛ ጆሮ ከሁሉም ይቀርባል ይላሉ። ኦርጋኑ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ጊታሩም ቃል ሳያወጣ ያለቅሳል። ያ አልበም በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የተቀረጹትን ሙዚቃዎች ከጎኑ አስቀምጦ ያዳመጠ ሰው ዝምድናውን ለማግኘት አይቸገርም።

የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በተመለከተ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በልብ ትርታ ይጀምራል፣ በልብ ትርታ ያልቃል። መሐል ላይ ክሌር ቶሪ የምትባል ድምፃዊት ያለ አንዲት ቃል የምታወርደው ነገር አለ። ፈረንጆች ስለዚያ ዘፈን ብዙ ጽፈዋል። መምህሩ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ለቅሶ ቤት የዋለ የወሎ ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም።»

*

አንድ ምሽት ጎረምሳው ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ጽሑፍ አነበበላቸው። «ጋሼ፣ እነ አያሌው መስፍንን ሳይኬደሊክ ይሏቸዋል።»

ሳይኬደሊክ የሚባለው ሮክ አእምሮን ይከፍታል፣ ሰውን ከራሱ ያወጣል የሚባልለት ዘፈን ነው። ዘፈኑ ይረዝማል፣ አንድ ሐረግ እየተደጋገመ ይሽከረከራል፣ የጊታሩ ድምፅም ሆን ተብሎ ይሻክራል። ይህን መሻከር የምታመጣው ጊታረኛው በእግሩ የሚረግጣት ፈዝ የምትባል ትንሽ ሣጥን ናት። የጠራውን ድምፅ ትሰባብረውና እንደ ንብ ታስጮኸዋለች። ጂሚ ሄንድሪክስ ከሌሎች ጋር በዚህ ነው ዓለምን ያስደነቀው።

መምህሩ ሣቁ። ተነሥተውም በገና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱት ጀመር። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ሥራዋ ሌላ አይደለም፤ አውታሩ ሲመታ ድምፁ ጠርቶ እንዳይወጣ፣ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ማድረግ ነው። እንዚራዋን አውጥተህ ብትደረድር በገናው ይሰማል፣ ግን በገና አይመስልም። «ፈዝ ይሉሃል ይሄ ነው» አሉ መምህሩ። «የእኛዎቹ አባቶች ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በቆዳ ሠርተውታል። እነሱ ሰውን ከራሱ ለማውጣት፣ እኛ ደግሞ ሰውን ወደ ራሱ ለመመለስ።»

መደጋገሙም አዲስ አይደለም። ወሎ ውስጥ መንዙማ የሚባልበት ሌሊት ያደረ ሰው፣ ድቤው ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲከተል፣ አንድ ሐረግ መቶ ጊዜ ሲመላለስ፣ ሰዓት የት እንደሚሄድ ያውቃል። ማሕሌት የቆመም ያውቃል፤ ዝማሜው በቀስታ ተጀምሮ ወደ ጽፋት ሲገባ ከበሮው ሰውን የሚያደርሰው ቦታ አለ። የወሎ ሰው ደግሞ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከጎረቤቱ ይሰማል።

ፉከራውም እንዲሁ ነው። ሄንድሪክስ በነሐሴ 1969 እ.ኤ.አ. ዉድስቶክ ላይ የአገሩን መዝሙር በጊታር ሲጫወት ቦምብና ጩኸት አሰማበት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ጌታቸው መኩሪያ ግን ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣ ከዚያ ቀድሞ ነው። ጦር ሜዳ ሊገባ ያለ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚፈላውን ነገር በነሐስ አስጮኸው። የሰሙት ፈረንጆች አብስትራክት ጃዝ መስሏቸው ነበር። ወረኢሉ ግን ዘመቻን ያውቃል፤ ምኒልክ ለአድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሠራዊት እንዲከት የታወጀው እዚሁ ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰማ ጃዝ አይመጣለትም፤ ጎራዴ ነው የሚታየው።

*

የእኛዎቹን አልበሞች በተመለከተ መምህሩ የሚሰጡት ደረጃ ጎረምሳውን አላስደሰተውም።

አንድ ነገር ይቅደም። ያ ዘመን በአመዛኙ የአልበም ዘመን አልነበረም። ዘፈኖቹ በሁለት ገጽ ሁለት ዘፈን በምትይዘው ትንሿ ሸክላ ነበር የሚወጡት። ሸክላ ማሳተም በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ስለነበር እሱም ቀላል አልነበረም። በ1969 እ.ኤ.አ. ያንን ደፍሮ የጣሰው አምሐ እሸቴ ነው። አምሐ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ገደማ ትልልቅ አልበሞች አወጣ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው የዓሊ አብደላ ካይፋ ማሳተሚያ ነው። ዛሬ ፓሪስና ኒው ዮርክ ላይ ሰው የሚጣላባቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ቤቶች የወጡ ናቸው።

በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተቀረጸውን የሙላቱን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» መምህሩ ያከብሩታል፣ ግን አይሳሱለትም። ልብሱ በጣም ተተኩሷል ይላሉ። ወደ አገር ቤት ተመልሶ በአምሐ ቤት ያወጣውን «ኢትዮ ጃዝ» ያስበልጣሉ። «የከርሞ ሰው» እዚያ ውስጥ ነው። ጊታሩ ይሻክራል፣ ነፋሹ ቀስ ብሎ ይገባል፣ የሚመጣውን የሚፈራ ሰው አካሄድ ነው።

የዋልያስ ባንድ «ቸበለው» በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቀይ ሽብር፣ ሰዓት እላፊና ጦርነት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጦ፣ ሙላቱም በእንግድነት ገብቶበት፣ ቃል የሌለው ዳንስ ሠሩ። ጎረምሳው ከሁሉም ይህን ያስበልጣል። መምህሩ ደግሞ «ቃል ያልገባበት ሰው ስለ ከለከለው ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ አይጠብቁም።

ከሁሉም የሚያስቀድሙት ግን በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማሕሙድን «እረ መላ መላ» ነው። የአይቤክስ ባንድ ልጆች ቤዙንና ጊታሩን እንደ ጎማ ያሽከረክሩታል፣ ማሕሙድ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መርካቶ አድጎ ጫማ ሲጠርግ የነበረ ልጅ በዚያ ድምፅ ሲለምን፣ የሚለምነው ለፍቅር ብቻ አይመስልም። ርእሱ ራሱ ምን እናድርግ ማለት ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ ስፒከሯን የሚዘጉት። ወደ ክርክሩ የሚገቡትም እዚህ ላይ ነው።

*

«ወርቃማ የነበረው ለማን ነው?»

ኢትዮጵያ ውስጥ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉ ይባላል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው። አምባሰል ተራራና ወረዳ ነው። ባቲ ቆላ ወርዶ ገበያ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸ ሸክላ ሁሉ ከእነዚህ ቅኝቶች ውጭ አይሆንም ማለት ይቻላል። ጊታሩ ቢሻክር፣ ኦርጋኑ ቢጮህ፣ ሥሩ አምባሰል ወይም ባቲ ነው። ያን ጊዜ ጊታር ካሻከሩት ሁሉ የሚያስንቀው፣ የጥቁር አንበሳ ባንዱ አያሌው መስፍን ደግሞ የወልድያ ልጅ ነው።

እንግዲህ ቀኖቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆኑ ካርታና ቀን ይወዳሉ።

«ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በወጣበት 1972 እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ ዝናቡ ቀርቷል። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በወጣበት በመጋቢት 1973 እ.ኤ.አ. የአምባሰል፣ የባቲ፣ የየጁ፣ የራያ ገበሬ ከብቱን ሽጦ ወደ ደሴ አውራ ጎዳና እየወጣ ነበር። በሚቀጥለው ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የወሎን ረኃብ በፎቶግራፍ ለማሳየት ሲሞክሩ መንግሥት ነገሩ እንዲወጣ አልፈለገም። በጥቅምት ወር ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን ለንደን ላይ አሳየ። ያን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እያቀላቀለ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በዚያ ረኃብ የሞተውን ሰው በሺህ ቤት እንጂ በትክክል የቆጠረው የለም።

መምህሩ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣውን ሰው ያስታውሳሉ። እናታቸው የገብስ ቂጣ ሰባብረው በደጃፍ ሲሰጡ ያስታውሳሉ፤ ቂጣው ሲያልቅ በር ሲዘጉም ያስታውሳሉ። ስለ በሩ መዘጋት እናትና ልጅ ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ በደስታ «ወርቃማው ዘመን!» ሲል፣ እሳቸው የሚሰሙት ሁለት ድምፅ ነው። አንደኛው በእውነትም ወርቅ ነው። ሌላው ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱም አምባሰል ነበሩ።

*

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ አንድ ነገር ነበር። አላለቀም። ሮክ ራሱ ወሎ ድረስ መጣ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል ቡርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ታየ። እንግሊዛውያን ዘፋኞች ተሰብስበው ለገና አንድ ዘፈን አወጡ። ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ የተጠየቀው ላሊበላ ስላለችበት ክፍለ ሀገር ነው። ካህናቱ ቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ እያሉ ገናን ከማንም በላይ በሚያከብሩባት አገር ገና ይታወቅ እንደሆነ ተጠየቀ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ላይቭ ኤይድ ተደረገ፤ ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ፣ በአንድ ቀን። መምህሩ ካሴታቸውን ሲያሹ ያደጉባቸው ሰዎች እዚያ ነበሩ። ሌድ ዜፕሊን፣ ዘ ሁ፣ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ፣ ሳንታና። መድረኩ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አልነበረም። ከዋልያስ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገብቶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ያኔ ዋሽንግተን ነበር፤ ከፊላደልፊያ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ያን ዓለም የሰማው ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ነው። እስከዚያ ድረስ ታክሲ ይነዳ ነበር። የወልድያውን ልጅ አያሌው መስፍንን ደግሞ ደርግ አስሮታል፣ ሥራውንም አፍኖበታል።

መምህሩ በዚያ ዓመት አዲስ ተቀጣሪ ነበሩ። የሚያስታውሱት ሙዚቃ አይደለም፤ የስም መጥሪያ ነው። የሠፈራው ዘመቻ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ አጋዘ፣ ትልቁ ክፍል ከወሎ ነበር። ጧት ጧት ስም ሲጠሩ «አቤት» የማይል ስም ይበዛ ጀመር። ኢሉባቦር ሄደ፣ ወለጋ ሄደ፣ ሞተ። አንዳንዱን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አልነበረም። መምህሩ ስሞቹን በቀይ አልሰረዙም። መዝገቡን እንዳለ አስረከቡ።

ላይቭ ኤይድን ያዩት ከብዙ ዓመት በኋላ ደሴ ላይ፣ በአንድ ዘመድ ቤት፣ በዲቪዲ ነው። ክዊን ሲወጡ ፍሬዲ ሜርኩሪ ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ እጁ ሲያዝ አዩ። እዚህ ላይ መምህሩ የሚናገሩትን ሳይደብቁ ይናገራሉ፤ ደስ አላቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ የመድረክ ሥራ አይተው አያውቁም። ጨርሰውት ከተነሡ በኋላ ነው መዝገቡ ትዝ ያላቸው። ከዚያ ወዲህ ያን ዲቪዲ አላዩትም። መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ደስ ስላላቸው ነው።

*

ጎረምሳው ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። እንዲህ ብሎ ተከራከረ፤ «ጋሼ፣ ሙዚቃውን ከቀኑ ጋር ካሰሩት ማን ሊደሰት ነው? ማሕሙድ ነው እንዴ ዝናቡን የከለከለው? አምሐ ነው እህሉን የደበቀው? ሰው በመከራ ጊዜም ይጨፍራል። እኔ ራሴ ይሄው መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ እየሰማሁ ነው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ አንዱ ይሄንንም ይቆጥርብኝ?»

ጥሩ ክርክር ነው። መምህሩም ጥሩ ነው አሉ። ብዙ ቆይተው ግን መለሱ።

ማንም ማሕሙድን አልከሰሰም። ሙዚቀኛው ወሎን አላስራበም፤ እንዲያውም ከወሎ የወሰደውን ቅኝት አክብሮ ያቆየው እሱ ነው። ጥፋቱ ያለው ስያሜው ላይ ነው። «ወርቃማ» ብሎ የሚጠራ ሰው ዘመኑን ሁሉ ያነጣዋል፤ የደላው አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያ ያደርገዋል። «የረኃብ ዘመን» ብሎ የሚጠራውም እንዲሁ ያጠፋል። ፈረንጁ ላይቭ ኤይድ ላይ ያደረገው ያንን ነው። ወሎን አፍ ብቻ አደረጋት፣ ጉሮሮ እንዳላት ሳያውቅ። አንዱ ዘፈኑን ሰምቶ ረኃቡን ረሳ፣ ሌላው ረኃቡን አይቶ ዘፈኑን አልሰማም። ወረኢሉ የተቀመጠ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ምቾት የለውም።

«አንተም ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ይቆጠርልሃል» አሉት። «ይቆጠርብሃል አላልኩም። ኔትወርክ በጠፋበት ዓመት ምን እንደሰማህ ጻፈው። ሳትጽፈው ከቀረህ ሌላው መጥቶ ወርቃማ ወይም ጨለማ ብሎ ይጠራልሃል።»

*

ሌላም ጣጣ አለ። የእነዚህ አልበሞች ባለቤት ዛሬ ማን ነው?

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «እረ መላ መላ»ን ሰምቶ ተከታትሎ መጣ። አልበሙ በ1986 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ፓሪስ ላይ መውጣት ጀመረ። የጂም ጃርሙሽ ፊልም በ2005 እ.ኤ.አ. ሙላቱን ለዓለም አሰማ። የአያሌው መስፍን ዘፈኖች በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ ተሰብስበው ወጡ። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ብዙው ሸክላ ምጣድ ሥር በቀረ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን ሸክላው የሚሸጠው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ዘፈን የአምባሰል ሰው ገዝቶ ሊሰማው አይችልም። መምህሩ እንዳይቆጡ የሚያደርጋቸው ግን ራሳቸው ናቸው። ሚሞሪያቸው ላይ ካለው ሁሉ ለአንዱም ለባለቤቱ አልከፈሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የጎረምሳው ሱቅ ውስጥ ግን ዘፈን በጊጋ ነው የሚሸጠው። ፈረንጁ ቢያንስ ስም ጽፎ፣ ቀን ጽፎ፣ ማን ከበሮ እንደመታ ጽፎ ያወጣል። ወረኢሉ ላይ የሚሸጠው ፋይል ስሙ «ትራክ 04» ነው።

ይህ ነገር ከከነከናቸው ወዲህ መምህሩ አንድ ሥራ ጀምረዋል። በጡረተኛ እጃቸው፣ በትምህርት ቤት ደብተር፣ ሚሞሪው ላይ ያለውን አልበም አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። የዘፈኑ ርእስ፣ ዘፋኙ፣ ባንዱ፣ ማሳተሚያው፣ የወጣበት ዓመት፣ ቅኝቱ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ዓምድ አለ፤ «በዚያ ዓመት ወሎ» የሚል። ከ«ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ትይዩ «በልግ ቀረ» ተብሎ ተጽፏል። ከ«ሸሞንሟናዬ» ትይዩ ያለው ስም ብቻ ነው፤ አሥራ ሰባት የልጆች ስም፣ ከክፍል መጥሪያው የተረፉ።

ጎረምሳው ፋይሎቹን ከደብተሩ እያየ ስም ያወጣላቸዋል። «ትራክ 04» ዛሬ ሱቁ ውስጥ የለም። የዘፈኑን ስም፣ የባንዱን ስም፣ ዓመቱን ይዞ ነው ከሰው ስልክ የሚገባው። ዋጋው አልጨመረም።

ባለፈው ሰሞን የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አዲስ መስመር ተጨምሯል። አልበሙ ገና ያልተሞላ ነው፣ ዓመቱ ተጽፏል፤ 2015። «በዚያ ዓመት ወሎ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ጽሕፈት የመምህሩ አይደለም፣ የጎረምሳው ነው። መምህሩ አንብበውት ምንም አላሉም። ስፒከሯን ከፈቱና «እረ መላ መላ»ን ከመጀመሪያው አስነሡ።

ሲለያዩ እንደ ወትሮው ተመራረቁ። «ቸር ያሰማን።»